ዘጠኙ ፉርጎዎችህ የት እንደገቡ

ለባለቤቴ ለግርማ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ ይዞ የሚመጣ የለም። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሞላን። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ፊደል ያልጻፍኩልህ የማወራህ ጠፍቶ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄብህ ነው። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ልጅህ ኤልያስ የሰው ክንድ ሰበረ፣ የሰው ራስ ፈነከተ፤ ያውም ባንተው መዶሻ። ታዲያ ይሄን ላንተ ያልነገርኩ ለማን ልንገር?

ከቤቱ ልጀምርልህ። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ፈርሷል። ሰፈሩ በሙሉ ነው የፈረሰው። ስካቫተሩ መጀመሪያ የጎረቤታችንን ግድግዳ ነከሰ፣ ቀጥሎ የኛን ማድቤት በአንድ ምት አነሳው፣ ከዚያ መኝታ ቤታችንን። ሠላሳ ዓመት የኖርንበት ቤት እኮ ነው፤ አንድ ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ እንኳ አልቆመልኝም። ጣሪያው ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ባትሰማው ይሻልሃል። የጎረቤታችን ውሻ እንኳ ሦስት ቀን ፍርስራሹ ላይ ሲጮህ ሰነበተ። አሁን ሰንጋ ተራ፣ ኤልያስ የተከራየው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን፤ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው።

ዘጠኙ የመጫወቻ ባቡር ፉርጎዎችህስ ትለኝ ይሆናል። የለቅሶህ ቀን ሰው ሁሉ ያወራው ስለ እነሱ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ “እጀ ወርቅ ነበር እኮ! ደግሞ ከምንም ነገር!” ሲሉ፣ አንዱ የመኝታ ፉርጎውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በትንሿ መስኮት ወደ ውስጥ ሲያይ፣ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ከምን እንደተሠሩ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ገላቸው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። ስፌቱን ትፈታዋለህ፣ በእንጨት መዶሻ ትደለድለዋለህ፣ በምላጭ ጭረህ በመቀስ ትቆርጠዋለህ። ጎማቸው የለስላሳ ቆርኪ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመህ መሃሉን ጄሶ ትሞላዋለህ። ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። መስታወቱ ያረጀ የራጅ ፊልም፤ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የሰውየው ጎድን አጥንት እስኪጠፋ ፈትጌ የማጠራልህ እኔ ነኝ። ወንበሩ የክብሪት እንጨት፣ የአየር መግቢያው የማበጠሪያ ጥርስ። ልክህ አውራ ጣትህ ነበር፤ አንዱ አውራ ጣት አንድ ሜትር ነው ትል ነበር፣ እውነትም አንዱ ፉርጎ ካንዱ አይበላለጥም፤ ልኩ ያልመጣውን ጥለህ እንደገና ትጀምራለህ። ከቆርቆሮው ጀርባ በመርፌ አንድ በአንድ እየነጠብክ በብሎን የታሰረ ታስመስለዋለህ። ቀለሙ ከፀጉር ቤት እየለመንኩ የማመጣልህ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ቂጥ ነው። ስስ አድርገህ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይነካም፤ ለዚህ ለዚህማ ትዕግሥትህ የመነኩሴ ነበር። ለአንደኛ ማዕረጉ መጋረጃ ሳይቀር ሠራህለት፤ ከቀሚሴ ዳንቴል ላይ ቆርጠህ፣ ያውም ሳትጠይቀኝ! ያን ቀን የተሳደብኩትን ስድብ አሁን ልድገመው ብል ንስሐ አባቴ ያባርሩኛል።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። አንተም የምታውቀው አይመስለኝም።

ለገሃር የባቡር ፉርጎ አናጢ በነበርክ ጊዜ ደህና ሰው ነበርክ። ትጠጣለህ፣ ግን ደህና ነበርክ። የአሮጌው ባቡር ሥራ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ስትላክ ነው ሌላ ሰው የሆንከው። ጠዋት አንገትህን ደፍተህ ትወጣለህ፣ ማታ በሩን በእርግጫ ከፍተህ ትገባለህ። ወጡ ጨው በዛው፣ ተመታሁ። ጨው አነሰው፣ ተመታሁ። ያንን ክረምት የታች ሁለት ጥርሴን አወለቅካቸው። ለሰው ከደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኩ። ጭቃ ቤት ውስጥ ምን ደረጃ አለ? አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እኔም አንድ ቀን በዘነዘና ትከሻህን ብዬሃለሁ፤ ሳምንት ሙሉ ክንድህን ማንሳት አቅቶህ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስካሁን አልጸጸተኝም። ያኔ ኤልያስ አልጋ ሥር ነበር። ሁልጊዜ አልጋ ሥር ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ የምትሰክርበት ሳንቲም እቤት ውስጥ ስታጣ፣ ለልጁ መጫወቻ ልሥራ ብለህ የድልህ ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመርክ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ እንዳልክ ዋልክ። አልወጣህም። አልተናገርክም። እራት አቀረብኩ፣ በላህ፣ ተመልሰህ ቆርቆሮህ ላይ ቁጭ። እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሜ እጅህን እያየሁ፣ ይህ እጅ ሥራ ከያዘ ቡጢ አይሆንም አልኩ። በቃ፣ በማግስቱ በር ላይ ቆሜ ቆራሌው እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

ጀማልን መጀመሪያ የጠራሁት እንደዚያ ነው። ያኔ ልጅ እግር ነበር፤ ጆንያውን በትከሻው አድርጎ “ቆራሌው!” እያለ ከባምቢስ እስከ ካዛንቺስ ይዞራል፣ አሮጌ ዕቃ ይገዛል። ቆርቆሮ ሽጥልኝ ስለው ሳቀብኝ። “እትዬ፣ እኔ እገዛለሁ እንጂ እሸጣለሁ እንዴ?” አለኝ። ስለምነው ግን ንጹሕ ንጹሑን እየለየ ያመጣልኝ ጀመር። ዝገት የሌለበት፣ ያልተጨማደደ። ለምን እንደምፈልገው ጠይቆኝ አያውቅም። ቆርቆሮ ሊያልቅብህ ሲል ከአንተ በፊት እኔ አውቅ ነበር፤ መንጋጋህ ይወጠራል፣ ያኔ ነጠላዬን ሳልይዝ መንገድ ወጥቼ ጀማልን እፈልጋለሁ። አንዴ አልደረስኩም። አራተኛው ፉርጎ ላይ ቀለሙ አረፋ አወጣብህ፣ መጠገኛ ቆርቆሮ የለም፤ በተረከዝህ ጨፈለቅከውና ወደ እኔ ዞርክ። ጠባሳው ቅንድቤ ላይ አለ።

ሰው ያደነቀው ያ ሁሉ ውበት የተሠራው ከኔ ፍርሃት ነው፣ ግርማ። ከፍርሃቴና ከጀማል ጆንያ።

እና ካዛንቺስ ሲፈርስ ምን አደረግኩ መሰለህ? ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዕቃ እያወጣ ነው፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፤ የማናውቃቸው ጎረምሶች በርና መስኮት ነቅለው ይሮጣሉ። የቤቱ ባለቤት ቆሞ እያየ አልጋው ሲወሰድ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ብልጧ ታዲያ ፉርጎዎችህን አንድ በአንድ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ የሲሚንቶ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ከላይ የዛገ ድስትና የተጨፈለቀ ቆርቆሮ ደፋሁበት። ውዳቂ ማን ይሰርቃል ብዬ። አፉን በገመድ አሰርኩና ከሌላው፣ ከእውነተኛው የውዳቂ ጆንያ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ጀማል መጣ። ሊረዳኝ ነው የመጣው፣ ቁምሳጥኑን እስከ መኪናው የተሸከመው እሱ ነው። ሲጨርስ እትዬ የሚጣል ካለ አለኝ። ስካቫተሩ ግቢያችን ገብቷል፣ ኤልያስ ፍሪጁን ይዞ ከሾፌሩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ እኔ ሳልዞር በእጄ አሳየሁት፤ ያንን ውሰደው፣ ገንዘቡንም ተወው አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሰንጋ ተራ ስንደርስ ኤልያስ ጆንያውን ፈታ። ድስት። ድስት። የተቀደደ በርሜል። እስከ ታች ድረስ ድስት። ቀና ብሎ ፉርጎዎቹስ አለኝ። መንጋጋውን አየሁት፣ ግርማ። ያንተ መንጋጋ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ልጅ ነው፤ እኔ ግን ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። ሰጠሁት ማለት አቃተኝ። ጀማል ነው የገባው፣ ሌላ ሰው አልገባም አልኩ። እንዲሁ ነው ያልኩት፤ ውሸት እንኳ አይደለም፣ ከውሸት የከፋ ነው።

ከመሣሪያ ሳጥንህ ትንሿን መዶሻ አንስቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ሆኜ ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ነው ያረጀሁት፤ በዚያች ሰዓት የምለውን የት ላምጣው?

ያዩት ሰዎች የነገሩኝን ነው የምነግርህ። ጀማል ባምቢስ፣ ሱቆቹ ፊት፣ ጋሪውን አቁሞ ካርቶን ያጥፍ ነበር። ኤልያስ አንድ ቃል አልጠየቀውም። የመጀመሪያውን ሲሰነዝር ጀማል ክንዱን አነሳ፤ ክንዱ ተሰበረ። ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ተሰማ አሉ። ሁለተኛው ራሱ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ሊደግም ሲል ተሸካሚዎች አንገቱን አንቀው ጣሉት፣ እነሱም ረገጡት፤ ሸሚዙ በደም ተነከረ፣ የራሱ ይሁን የጀማል አልተለየም። ጀማል መሬት ላይ ወድቆ ምን እያለ ነበር መሰለህ? “ኤልዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! ጀማል ነኝ!” ይል ነበር። ሌላ ሰው መስየው ነው የመታኝ ብሎ ነው።

ኤልያስ ታሰረ። ጀማል ተሰፋ፣ ክንዱ በጄሶ ታሸገ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። አየህ፣ ብርቱካን! ሚስቱ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እትዬ በየበሩ ሌባ እየተባለ ነው፣ ከእንግዲህ ማን ግቢ ያስገባዋል አለችኝ። ቆራሌው ሌባ ከተባለ አለቀለት፤ ቤቱም ልጆቹም የሚኖሩት ሰው በር ስለሚከፍትለት ነው። እሱ ግን ያበጠ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረና እትዬ፣ ጆንያው ውስጥ ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እንደነገረኝ ሳይፈታው ነው በዚያው ቀን መርካቶ ያራገፈው፤ በማግስቱ ተጨፍልቆ ወደ ማቅለጫ ሄዷል። ዘጠኙም፣ መጋረጃው ሳይቀር። ዕቃ ነበር አልኩና ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ይህን እኔ ካልጻፍኩት ማንም አይጽፈውም።

ኤልያስ በዋስ ሲወጣ ዕድርተኞቹ ሽምግልና ያዙ። የዕድራችን ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ድንኳኑ ግን ተርፎ ቂርቆስ፣ የዳኛችን የአቶ በላይ ግቢ ተተክሎ ነበር። አንተን ያለቀስንበት ድንኳን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጀማልና ታላቅ ወንድሙ፣ ኤልያስና እኔ። አቶ በላይ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው፤ ያመጡት ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። ሁለቱም አጥፍተዋል፤ ጀማል ወስጃለሁ ይበል፣ ኤልያስ መትቻለሁ ይበል፣ ይታረቁ፣ ክሱም ይቅር። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኤልያስም ነቀነቀ።

ጀማል የታሸገ ክንዱን በሌላው እጁ ደገፈ። ፊቱ አልቆ ነበር። በመጨረሻ፣ “ይሁን። ደክሞኛል። ወስጃለሁ በሉ” አለ።

ያልወሰደውን። ሃያ ምናምን ዓመት ጥርሴን ያስተረፈልኝ ሰው፣ ሳያውቀው በየሳምንቱ ከቡጢ ያዳነኝ ሰው፣ የኔን ውሸት ለመጨረስ ሌባ ነኝ ሊል ነው። ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ጮህኩ። እኔ ነኝ የሰጠሁት አልኩ፤ በዚህች እጄ ጠቁሜ፣ ገንዘቡንም ተወው ብዬ፣ ከዚያም አፌን ለጉሜ ልጄን የላክሁበት እኔ ነኝ!

ኤልያስ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ሲመጣ እያየሁት ነው፤ ሊያቅፈኝ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፣ ሞኝ። በጥፊ መታኝ። ሽማግሌ ፊት፣ እናቱን። ጆሮዬ ጮኸ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ቀረሁ። ጥፊውን አወቅኩት፤ ከቀኝ፣ ከጆሮ ሥር፣ በመዳፉ ግርጌ። አንተ እንደዚያ ነበር የምትመታው።

አንዱ ሽማግሌ “የግርማ ልጅ! ያ የተባረከ ሰው ይህን ቢያይ!” ብለው ራሳቸውን ያዙ። ያኔ በቃኝ። የተማረው ከማን ሆነና አልኩ። ነገርኳቸው። ስለ ክረምቱ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ቅንድቤ፣ ልጁ አልጋ ሥር ሆኖ ስለሚሰማው፣ ፉርጎዎቹ ለምን እንደተሠሩ፣ ቆርቆሮውን ማን እንዳመጣው። ያመሰገኑህ ሰዎች ጫማቸውን እያዩ ሰሙኝ። ጀማል ብቻ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

ካሳው ምን ይሁን ሲባል፣ ጀማል ገንዘብ አልጠየቀም። ወደዚያ ወደታሸገው ክንዱ እያመለከተ፣ ይኼ እስኪጠገን ጆንያዬን ኤልያስ ይሸከም አለ። እኔ በምዞርበት ሁሉ ይዙር፣ ስሜን ያጠፋው በአደባባይ ነው፣ በየበሩ ቆሞ ጀማል ሌባ አይደለም፣ ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ ይበል። እናቱን የመታበትን ግን እኔ ይቅር ልለው አልችልም፣ የኔ አይደለም አለ። አቶ በላይ ይሁን አሉ። ኤልያስ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እና ልጅህ ቅዳሜና እሑድ ጆንያ ተሸክሞ ይዞራል። ቆራሌው ሲል ድምፁ ይሰበራል፤ መጀመሪያ ቀን እኛው ሕንፃ ሥር ሲደርስ ሹክ ነው ያለው፣ ጀማል ከኋላው ሆኖ፣ ኧረ ጮኽ በል፣ በዚህ ድምፅ ማን ይሰማሃል እያለ ይቆጣዋል። የሥራ ባልደረቦቹ አይተውታል። ይዩት! ባምቢስ አንዲት ሴትዮ በር ላይ ስድብ ጠጥቶ ተመለሰ፣ ጀማል ደግሞ አስገድዶ በሯን ድጋሚ እንዲያንኳኳ አደረገው። አሁን በር መከፈት ጀምሯል። ለጀማል እንጂ ለኤልያስ አይደለም፣ ያም ይበቃል።

ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። እኔም አላባበልኩትም። ባለፈው እሑድ ግን ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ትከሻው ተልጦ ነበር፣ ቫዝሊን ሰጠሁት። ሳያነሳው፣ “እማዬ፣ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?” አለኝ። ላንተ ብዬ ነው፣ አባት እንዳታጣ ብዬ ነው አልኩት። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ገልብጦ አየው፣ ብዙ አየው።

“አላጣሁትማ” አለኝ።

ግርማ፣ ከዚህ በኋላ ማልቀስ የኔ ተራ ነበር። እሱም አለቀሰ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ገና ይቅር አላልኩትም። እለው ይሆናል፣ ግን ለመሸፋፈን ብዬ አልለውም።

አልረሳህም፤ ይህን ልማልልህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ጸሎትህ አይቋረጥም፣ ስምህን በየወሩ አስጠራለሁ። ጎንበስ ብለህ በመርፌ ስትነጥብ የነበረውን አንገትህን እንደወደድኩት እወደዋለሁ። ሰው እጀ ወርቅ ነበር ሲልህ አዎ እላለሁ፤ ከዚያ ቀጥዬ ያ እጅ ሌላም ምን ያደርግ እንደነበር እነግረዋለሁ። ልጅህም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። እወድሃለሁ፣ ግርማዬ። ከእንግዲህ ግን አልሸፍንልህም።

ሚስትህ አስናቀች